በየአራት ሰዓቱ፦ ታላቅ ወንድሜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል፤ በጸሎት አግዙኝ

ታናሽ እህት
(ሦስተኛ ቀን)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሌሎችን ጭንቀት አንብቤ «አሜን» ብዬ ከማለፍ በቀር የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቼ አላውቅም። ዛሬ ግን አቅቶኛል።

ታላቅ ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ማለዳ ፊቱን እየታጠበ ሳለ «ራሴን!» ብሎ ጮኸ፤ ፎጣውን እንደያዘ እዚያው ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ራሱን አያውቅም ነበር። በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ የደም ሥር እንደ ፊኛ አብጦ ኖሮ ፈንድቷል አሉን፤ አኑሪዝም ይሉታል። በዚያው ቀን በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ጭንቅላቱ ድረስ ዘለቁና ያበጠውን ቦታ በፕላቲኒየም ሽቦ ሞልተው ደፈኑት። ዳግመኛ እንዳይደማ ነው። አሁን በማደንዘዣ ተኝቷል፤ የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው። ከራሱ ላይ የወጣች ቀጭን ቱቦ ፈሳሹን ወደ ከረጢት ታወርዳለች። ሐኪሙ «የደማውን ዘግተናል። ከባዱ ጊዜ ግን ከፊታችን ነው፤ 14 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ተስፋም ሆነ መርዶ ልነግራችሁ አልችልም» አለን።

የመጣሁበት ነገር ይህ ነው፦ መጸለይ አልቻልኩም። በቤተሰባችን ውስጥ «ጸልዪልኝ» የምባለው እኔ ነበርኩ። አሁን ስንበረከክ «ጌታ ሆይ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለኝም። ዐይኔን ስጨፍን የማየው መስቀሉን ሳይሆን ከአልጋው በላይ ያለውን የሞኒተር ቁጥር ነው።

ትናንት ደግሞ ሊጠይቁን ከመጡት አንዱ በኮሪደሩ እናታችንን አቅፎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አላት። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አውቃለሁ። እናቴ ግን «ያጽናችሁ» የሚባለው ለማን እንደሆነ ታውቃለችና «ልጄ ሞተ እንዴ?» ብላ ጉልበቷ ከዳት። ወንድሜ እየተነፈሰ ነው። እባካችሁ፣ ይማረው በሉልኝ።


የሰባ ዓመት እናት

ይማረው፣ ልጄ። ይማረው፣ ምሕረቱን ያውርድላችሁ።

«ጌታ ሆይ» ካልሽ ጸልየሻል። ጴጥሮስ በባሕሩ ላይ ሲሰምጥ ያለው «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» ነው፤ ሌላ ነገር ለመጨመር ውኃው አንገቱ ደርሶ ነበር። ጌታም ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው እንጂ «ጸሎትህ አጠረ» አላለውም። ሰው በደረቅ መሬት ላይ ሲቆም ነው ረጅም ጸሎት የሚጸልየው። አንቺ አሁን ውኃ ውስጥ ነሽ።

ሐዋርያው ጳውሎስም እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅምና መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ብሎ ጽፏል። ቃል ያጣ ሰው የሚጸልይለት አለው ማለት ነው። የቀረውን ለእኛ ተይልን። ለእናትሽ ደግሞ ወንበር ፈልጊላት፤ ቆማ አትዋል።


የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። እኔ የእናንተ ሐኪም አይደለሁም፤ የወንድምሽን ነገር የሚያውቁት አጠገቡ ያሉት ናቸው። ግን 14 ቀን ለምን እንደተባለ ማወቅ ፍርሃትን ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ቅርጽ ያለው ፍርሃት ቅርጽ ከሌለው ይሻላል።

እንዲህ ዓይነት ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በግምት ከአራተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በጭንቅላት ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ሊጠብቡ ይችላሉ። ሲጠብቡ ደም የማይደርሰው የአንጎል ክፍል ይጎዳል። ለዚህ ኒሞዲፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ለ21 ቀን ይሰጣል። ሌሊት ስትመጪ ነርሷ መድኃኒት ስትሰጠው ካየሽ ምናልባት እሱ ነው። ጠይቂያት።

ደግሞም አናግሩት። በማደንዘዣ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚሰማ ከውጭ ሆነን መለካት አንችልም፤ ስለዚህ እኛ ነርሶች እንደሚሰማ ቆጥረን እናናግራቸዋለን። ስሙን ጥሩት፣ ዕለቱን ንገሩት፣ ማን እንደመጣ ንገሩት። በለሰለሰ ድምፅ፣ ባጭሩ። ክፍሉ ጸጥ ማለቱና መብራቱ መደብዘዙ ለሕመሙ ስለሚበጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርና ለሌሎቹ ያስተላልፍ። አምስት ሰው አምስት ጊዜ ሲጠይቅ አምስት የተለያየ ወሬ ይዞ ይመለሳል፤ በሕመምተኛው ላይ ካለው ሸክም ሌላ ጠብ ይጨመራል። ጥያቄያችሁን በደብተር ጻፉ። በዚያ ክፍል የሰማችሁትን ግማሹን እንደምትረሱ እመኑኝ።


ታናሽ እህት
(አራተኛ ቀን)

ጠየቅኋት። እሱው ነው፤ ኒሞዲፒን። ዛሬ ሌሊት በ8 ሰዓት ሲሰጠው አየሁ። ነርሷ ክኒኑን አድቅቃ በውኃ በጠበጠችው፤ በአፍንጫው በኩል ወደ ሆዱ በገባው ቱቦ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ቀስ አድርጋ ሰደደችው፤ ከዚያ ንጹሕ ውኃ አስከተለችና ቱቦውን አጠበችው። አንዲት ነገር አልፈሰሰባትም። እጇን እያየሁ ሳላስበው «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሥር ክፈተው» አልኩ። በሦስት ቀን ውስጥ «ጌታ ሆይ» ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል ሲወጣኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በማለዳው 12 ሰዓትም ቆሜ ጠበቅሁ። እንደገና አልኩት። በ4 ሰዓትም። ከአሁን ወዲያ ጸሎቴ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት አንዲት ዐረፍተ ነገር።

ቀኑን ሙሉ መጸለይ አቅቶኝ ራሴን ስወቅስ ነበር። በየአራት ሰዓቱ ግን እችላለሁ።


የቀሬናው ሰው

እህቴ፣ 21 ቀን በቀን ስድስት ጊዜ 126 ነው። ብቻሽን አትችይውም፤ ትተኚበታለሽ፤ ስትነቂ ደግሞ «ያቺን ሰዓት ባልተኛ ኖሮ» ትያለሽ። ሙሴ በራፊዲም እጁ ሲዝል አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው ከበታቹ አኖሩለት፤ እሱ ተቀመጠ፤ እነሱም አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ሆነው እጆቹን ደገፉ። ሙሴም ተቀምጧልና አንቺም ተቀመጪ።

እኔ ሥራዬ ሌሊት ያስነሣኛል። የሌሊቱን 8 ሰዓት ስጪኝ። እስከ 21ኛው ቀን የእኔ ይሁን። አንቺ በዚያ ሰዓት ተኝተሽ እደሪ።


የሰባ ዓመት እናት

ለእኔ የምሽቱን 12 ሰዓት ስጡኝ። ብርሃን ሲደክም ልብም ይደክማል፤ ሰዓቱን አውቀዋለሁ።


የሌሊት ተረኛ

የንጋቱን 12 ሰዓት እኔ እወስዳለሁ። ተረኛ በሆንኩባቸው ሌሊቶች በዚያን ሰዓት እኔም ለሰው መድኃኒት እየሰጠሁ ነው፤ የወንድምሽን ስም ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ።


የሁለት ልጆች አባት

የቀኑ 8 ሰዓት የምሳ ዕረፍቴ ነው። እኔ አለሁ። የረፋዱን 4 ሰዓት ባለቤቴ ትይዛለች፤ ልጆቹም ካሉ ከእሷ ጋር «አጎትየውን ማረው» ይላሉ።


ታናሽ እህት

የቀረችው የምሽቱ 4 ሰዓት ናት። እሷን እኔ እይዛለሁ።

ስልኬን ለእናቴ አነበብኩላት። «እነዚህ ሰዎች የት ያውቁናል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ወንበሩ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ለአንድ ሰዓት ያህል ተኛች።


ታናሽ እህት
(ስድስተኛ ቀን)

ምክር እፈልጋለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ወዳጆች መጥተው በአልጋው ዙሪያ ቆመው ጸለዩ። መልካም ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት። ግን ድምፃቸው ከፍ አለ፤ አንዱ እጁን በወንድሜ ራስ ላይ ሊጭን ዘረጋ። የጭንቅላቱን ውስጥ ግፊት የሚያሳየው ቁጥር ሲወጣ ዐይኔ እያየ ነርሷ ገብታ ሁሉንም አስወጣች። ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ «ጸሎት የሚከለከልበት ቤት ምን ፈውስ ይገኝበታል?» አለ። እኔ በመካከል ቆሜ ቀረሁ። ነርሷን ይቅርታ ልጠይቃት ወይስ እነሱን?


ጽኑ እምነት

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በሐኪም ቁጥር ላይ ዐይንሽን ስለተከልሽ ነው። ጴጥሮስም የሰመጠው ነፋሱን ስላየ ነው። «ፈቃድህ ከሆነ» የሚል ጸሎት የጥርጣሬ ጸሎት ነው፤ ፈውሱን አውጂ፣ ተቀበዪ፣ አመስግኚ። ካልሆነ ደግሞ በቤታችሁ የተደበቀ ኃጢአት እንዳለ መርምሩ። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት በር አይዘጋም። ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጸለይም የሰው ፍርሃት ነው።


የሌሊት ተረኛ

ስለ ነርሷ እኔ ልመልስ። ያስወጣችው ጸሎቱን ሳይሆን ጫጫታውን ነው። የተጎዳ አንጎል ጠቅላላ ሰውነቱ ሲታወክ ግፊቱ ይጨምራል። ሐና በእግዚአብሔር ቤት ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋም አይሰማም ነበር፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ አሰበ። ጸሎቷ ግን ደረሰ። ለወዳጆቹ ይህን ንገሪያቸውና ከደጅ ሆነው እንዲጸልዩ ለምኛቸው። ይቅርታ መጠየቅ ያለብሽ አይመስለኝም፤ ለማንም።


የሕሙማን አገልጋይ

ጽኑ እምነት ወንድሜ፣ በክርስቶስ ፍቅር እመልስልሃለሁ፤ ነገሩ ግን ከባድ ስለሆነ አላለሳልሰውም።

በሆስፒታል ውስጥ በመንፈሳዊ አገልግሎት ዓመታት አሳልፌአለሁ። «የተደበቀ ኃጢአት መርምሩ» የሚለው ቃል በበሽተኛ ቤተሰብ ጆሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። እናት ታሪኳን ሁሉ ትገለብጣለች፤ ባልና ሚስት በዐይን ይካሰሳሉ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ይህ ሰው ወይስ ወላጆቹ፣ ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ያን መዝገብ ዘጋው። እኛ ልንከፍተው አይገባንም።

«ፈቃድህ ከሆነ» የጥርጣሬ ጸሎት ነው ካልክ፣ በጌቴሴማኒ «አባቴ፣ ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ የጸለየው ማን ነው? ጳውሎስ መውጊያው እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ከጳውሎስ ባልደረቦች አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቀርብ ታሞ ዳነ፤ ጥሮፊሞስን ግን እንደ ታመመ ጳውሎስ በሚሊጢን ትቶት ሄደ። በሁለቱ መካከል የእምነት ልዩነት ነበረ የሚል አንድ ቃል አልተጻፈም። ያንኑ ጳውሎስን እስከ መጨረሻው ያልተለየው ሉቃስ ደግሞ ባለ መድኃኒት ነው።

ንጉሡ ሕዝቅያስ ሊሞት ታሞ ሳለ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስም የፍሬ በለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱ መድኃኒቱን አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን አላሳነሰውም። ያቺ ነርስ ክኒኑን ስታደቅቅ «ይህን ሥር ክፈተው» ያልሽው ጸሎት፣ እህቴ፣ የሕዝቅያስ ቤት ጸሎት ነው።


የሰባ ዓመት እናት

እኔም ለጽኑ እምነት አንድ ነገር ልንገረው፤ በቁጣ አይደለም፣ ልጄ።

ባለቤቴ ታሞ 19 ቀን ተኛ። መነጽሩን ከእኔ ጋር አኑሬ በየማለዳው በቀሚሴ ጫፍ እጠርገው ነበር፤ ሲነቃ አጥርቶ እንዲያየኝ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። አውጄአለሁ፣ ተቀብያለሁ፣ አመስግኛለሁ፤ ያልከውን ሁሉ አድርጌአለሁ። በ19ኛው ቀን አረፈ። በቀብሩ ማግስት አንዲት ሴት «እምነትሽ ትንሽ ቢጨምር ኖሮ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጥኩም። ወደ ኋላ የመለሰኝ በሐዘኔ ወቅት መጥቶ ከጎኔ የተቀመጠ፣ አንድም ቃል ያልተናገረ ሰው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከጎኑ ተቀምጠው ነበር። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

መነጽሩ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። አሁንም እጠርገዋለሁ።

ታናሽ እህት፣ ይህን በመጻፌ ይቅር በይኝ። ወንድምሽ እንደ እሱ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ይማረዋል ብዬ በየምሽቱ 12 ሰዓት እየለመንኩ ነው።


ታናሽ እህት
(ሰባተኛ ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት)

የፈሩት ሆነ። ማታ ነርሷ እጁን ስትቆነጥጠው ግራው ሲነሣ ቀኙ አልተነሣም። ወደ ምርመራ ወሰዱት፤ ሥሮቹ ጠብበዋል አሉን። አሁን ደም እንዲደርስለት የደም ግፊቱን በመድኃኒት ሆን ብለው ከፍ እያደረጉት ነው። ንቃቱን ከ3 እስከ 15 በሆነ መለኪያ ይቆጥሩታል፤ የዛሬው 6 ነው።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ከወንድሜ ጋር ሁለት ወር ተኳርፈን ነበር። ጉዳዩ እናታችንን ማን ይንከባከብ የሚል ነው፤ እሱ ያለውን እኔ በክፉ ተረጎምኩት፤ እኔ ያልኩትም ክፉ ነበር። ከመውደቁ በፊት በነበረው ምሽት፣ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ደወለልኝ። ስልኩ በእጄ ነበር። ስሙን አየሁት። «ይደውል» ብዬ አስቀመጥኩት።

ያመለጠ ጥሪ ይላል ስልኩ። አላመለጠኝም። አላነሣሁትም።

አሁን በየአራት ሰዓቱ የምጸልየው ስለ እሱ ይሁን ስለ ራሴ አላውቅም። ዛሬ እግዚአብሔርንም ተቆጥቼዋለሁ። እንዲህ እየተሰማኝ የጸለይኩት ይቆጠራል?


የሕሙማን አገልጋይ

ይቆጠራል። መዝሙር 88ን አንብቢ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰቆቃ ነው፤ በምስጋናም በተስፋ ቃልም አይዘጋም። እንዲህም ሆኖ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ አለ። ቁጣሽን ይዘሽ ሌላ ቦታ አትሂጂ፤ ወደ እሱው ይዘሽው ግቢ።

ስለ ጥሪው፦ «ምንም አይደለም» አልልሽም፤ ላንቺ ምን እንደሆነ አይቻለሁና። ግን ነገ ጠዋት በጆሮው ንገሪው። ባጭሩ። «ያን ማታ አላነሣሁም፤ ይቅር በለኝ፤ መጥቻለሁ» በይው። ሲሲሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፤ ነርስም ሐኪምም የነበረች ክርስቲያን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሊሞቱ ለተቃረቡ ሕሙማን ማረፊያ ያቋቋመች። ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የነፍስም፣ የቤተሰብም፣ የመንፈስም ሕመም አብሮ አለ ብላ አስተማረች። እኔ በአልጋ አጠገብ ያየሁት ይህንኑ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የታመመው ወንድምሽ ብቻ አይደለም፤ አንቺም ታመሻል። ጸሎትሽ ስለ ሁለታችሁ ቢሆን ምን ነውር አለው?


የቀሬናው ሰው

እህቴ፣ በ8 ሰዓት ቆሜ ነበር። አንቺ ይህን የጻፍሽው በ9 ሰዓት ነው፤ ማለትም አልተኛሽም። በዚያ ሰዓት የጠራሁት የእሱን ስም ብቻ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የአንቺንም እጠራለሁ።


ጽኑ እምነት

ይቅርታ። ሁለት ቀን ሙሉ ልጽፍ እየጀመርኩ ስሰርዝ ነበር።

አባቴ ሲታመም የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው «ከቤታችሁ ያላመነ ስላለ ነው» አለን። እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ በእኔ ምክንያት ማንም እንዳይሞት እምነቴን ሳጠብቅ ኖሬአለሁ። የተጫነብኝን ድንጋይ ነው ለእህታችን ያቀበልኳት። እማማ፣ የጻፉትን ሳነብ ያቺ ሴት እኔ መሆኔን አየሁ።

ሰው ያልያዘው ሰዓት ካለ ስጡኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጸልያለሁ።


የሰባ ዓመት እናት

ና፣ ልጄ። በምሽቱ 12 ሰዓት ከእኔ ጋር ቁም። የአባትህንም ስም ንገረኝ፤ እናስበዋለን።


የሌሊት ተረኛ

ዛሬ ሌሊት ላይ ስለሆንኩ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔን የሚያቆመኝ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። ልጆች መተንፈስ እያቃታቸው ይሞቱ ነበር፤ መሣሪያው ጥቂት ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ቱቦ አስገብቶ ከረጢት በእጅ እየጨመቀ አየር ሰጣትና ተረፈች። ታዲያ በየአልጋው አጠገብ ሌት ተቀን ከረጢት የሚጨምቅ ሰው ከየት ይምጣ? የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ። በፈረቃ እየተቀመጡ ለማያውቁት ልጅ እስትንፋሱን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ከረጢቱን ይረከበዋል። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚያ የተወለደ ነው።

የሰዓት ድልድላችሁን ሳይ እነዚያን ተማሪዎች አስባለሁ። የንጋቱ 12 ሰዓት በእጄ ነው።


ታናሽ እህት
(ዘጠነኛ ቀን)

ነገርኩት። በጆሮው። በሞኒተሩ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ዐይኑም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ነርሷም መጋረጃውን ሳበችልኝ።

ሌላ ነገር። ከእኛ ቀጥሎ ባለው አልጋ አንድ አባት ተኝተው ነበር። ሚስታቸው በየምሽቱ በመጠየቂያ ሰዓት መጥተው እግራቸውን በቅባት ያሹላቸዋል፤ ጣት በጣት። ትናንት «የእርስዎ ወንድም ዛሬ እንዴት አደረ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስገባ አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላው ተቀይሮ ተወጥሯል። የቅባቱ ብልቃጥ በመስኮቱ ላይ ቀርቷል።

ስድስት ቀን ሙሉ «ይማራቸው» ስል የነበረውን ዛሬ «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ጻፍኩት። አንዲት ቃል ናት የተጨመረችው። ማልቀስ እንጂ ማብራራት አልፈለግኩም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ እንባውን አፈሰሰ።


የሁለት ልጆች አባት
(አሥራ አንደኛ ቀን)

ከታናሽ እህት ሁለት ቀን ቃል አልመጣም። ማንም «እንዴት ሆነ?» ብሎ አይጠይቃት፤ ስትችል ትነግረናለች። ሰዓታችንን እንያዝ። ልጆቼ ዛሬም ብለዋል።


ታናሽ እህት
(አሥራ ሁለተኛ ቀን)

ዐይኑን ገለጠ።

ማደንዘዣውን ቀስ በቀስ ቀንሰው ትናንት ቱቦውን አወጡለት። መለኪያው 11 ነው። ግን ደስታዬን እንዴት እንደምናገር አላውቅም፤ ምክንያቱም ያ የነቃው ሰው ወንድሜን አይመስልም። እናታችንን «ይህች ሴት ማናት?» አለ። በግድግዳው ላይ ሰዎች እየሄዱ ነው ይላል። ነርሷን ሊገፋት ሞከረ፤ እሱ ዝንብ የማይነካ ሰው። እናቴ ደግሞ «ጸሎታችን ግማሹን ብቻ መለሰ» ብላ ተቀምጣለች።


የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪያት፦ ይህ ዲሊሪየም ይባላል፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከቆዩ ሕመምተኞች በብዙዎቹ የሚታይ የአእምሮ መታወክ ነው። በአብዛኛው ይመለሳል፤ በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት። አትከራከሩት። ግድግዳው ላይ ሰው የለም እያላችሁ አትሟገቱ። «እኔ እህትህ ነኝ፤ ሆስፒታል ነህ፤ ደኅና ነህ» በሉት፤ ደግማችሁ ደጋግማችሁ። መነጽር ካለው አድርጉለት። ሰዓት የሚያይበት ቦታ አኑሩለት። ቀኑን ብርሃን፣ ሌሊቱን ጨለማ አድርጉለት። የሚያውቀውን መዝሙር በቀስታ አንጎራጉሩለት።


የሰባ ዓመት እናት

በቤተ ሳይዳ ጌታ ዕውሩን ሲዳስሰው መጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ አየ። ከዚያ ደግሞ እጁን ጫነበት። ለእናትሽ ይህን አንብቢላት፣ ልጄ። መነጽሩንም አትርሱ።


ታናሽ እህት
(አሥራ አምስተኛ ቀን)

14ኛው ቀን አለፈ። ሐኪሙ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሥሮቹ እየተከፈቱ ነው አለን። ቀኝ እጁ ደካማ ነው፤ ቃልም ፈልጎ እስኪያገኝ ይዘገያል፤ የወራት ልምምድ ይጠብቀዋል፤ ሁሉም ይመለስ እንደሆነ ቃል አልገባልንም። እናቴ የሐኪሙን እጅ ይዛ አልለቀቀችውም።

ትናንት ማታ የወንድሜ ባለቤት መዝሙር 23ን በቀስታ ስታነብለት «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» ላይ ቆመች፤ ድምፅዋ ከዳት። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ «አንተ... ከእኔ... ጋር ነህና» አለ።


ታናሽ እህት
(ሃያ አንደኛ ቀን)

የመጨረሻውን ክኒን ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወሰደ፤ በቱቦ ሳይሆን በራሱ እጅ፣ በግራው፣ በብርጭቆ ውኃ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣን አራት ቀናችን ነው። የቀሬናው ሰው፣ በእርስዎ ሰዓት ነውና ነቅቼ አየሁልዎት።

ስለ ጥሪው ጠየቅኩት። «ያን ማታ ለምን ደወልክልኝ?» አልኩት። ብዙ አሰበ። «ደውዬ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ምሽት ምንም አያስታውስም፤ ሐኪሞቹም ላይመለስለት ይችላል ይላሉ። ምን ሊለኝ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ፈጽሞ አላውቅም። ይህን ይዤ እኖራለሁ። እሱ ግን የእኔን ዝምታ አይቶ በግራ እጁ እጄን ያዘና «አሁን አለሽ» አለኝ።


የቀሬናው ሰው

እግዚአብሔር ይመስገን። እሰይ፣ እሰይ! ነገ ሌሊት በ8 ሰዓት ግን መንቃቴ አይቀርም። ለማን ልጸልይ?


ታናሽ እህት

ከእኛ ቀጥሎ የነበሩት አባት ሚስት አሉ። የቅባቱን ብልቃጥ ትናንት ወሰድኩላቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሁሉ የሚከብዳቸው ወደ ሆስፒታል ይመጡበት የነበረው የምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ጫማቸውን አድርገው ከደጅ ይቆማሉ፤ ከዚያ የሚሄዱበት እንደሌለ ያስታውሳሉ። የምሽቱ 12 ሰዓት የማን ነበር?


የሰባ ዓመት እናት

የእኔና የጽኑ እምነት ነው፣ ልጄ። እንይዘዋለን።